የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሱፍ ያቆማት የወንዝ ዳር ከተማ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የተገጣጠሙ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ከሱፍ ጋር ስሠራ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ልጄ ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በነርስነት ትሠራለች፤ በመጪው ዓመት ሄጄ እንድጠይቃት ወረቀቱን ጀምራለች። «ለንደን ግርግር ነው፤ አንቺን የምወስድሽ እዚሁ አጠገባችን ወዳለች ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ነው» ትለኛለች። የከተማዋ ስም ብራድፎርድ ኦን ኤቨን ይባላል። ጎረቤቶቼ ግን «ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ትንሽ ከተማ ማየት ምን ይሉታል? ትንሽ ከተማ ካማረሽ ደብረ ሲና አለልሽ» ይሉኛል። እውነት የሚታይ ነገር አለባት? ጉልበቴን ስለሚያመኝ መዞሩን እችለው ይሆን? በየትኛው ወር ብሄድ ይሻለኛል፣ ምንስ ልያዝ? ጃንሆይ በስደት ዘመን የተቀመጡበት ቤትስ እስከ ዛሬ አለ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ያሰበችልዎት ጉዞ ብዙ አገር ጎብኚ ከሚመርጠው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ከተማዋ ውብ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ብራድፎርድን ያቆማት ሱፍ ነው። ድልድዩን ያሰፋው፣ በኮረብታው ወገብ ላይ ቤቶችን በረድፍ በረድፍ የደረደረው፣ በወንዙ ዳር ትልልቅ የድንጋይ ፋብሪካዎችን የገነባው የበግ ጠጉር ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ሱፍ በእጁ ሲዳስስ የኖረ ሰው በዚያች ከተማ መንገድ ላይ ሲሄድ የሚያየው ነገር፣ ሌላው ቱሪስት ፎቶግራፍ አንሥቶ ከሚያልፈው ጋር አንድ አይሆንም። ጎረቤቶችዎ ስለ ደብረ ሲና ያሉት እውነት ነው፤ ደብረ ሲናም መታየት ያለባት ከተማ ናት። ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይተካም።

በመጀመሪያ ስለ ስሟ ልንገርዎት፤ ስሙ የከተማዋን አመጣጥ ይናገራልና። «ብራድፎርድ» ማለት ሰፊ መልካ ማለት ነው፤ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ሰውና ከብት ወንዙን በእግር ይሻገሩበት የነበረ ቦታ ነው። «ኤቨን» የሚለው ቃል ደግሞ ከእንግሊዞች በፊት በዚያ አገር ይኖሩ በነበሩት ሕዝቦች ቋንቋ በቀጥታ «ወንዝ» ማለት ነበር። እንግሊዞች ሲመጡ ትርጉሙን ሳያውቁ የወንዙ የግል ስም አድርገው ያዙት። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ይጠንቀቁልኝ፤ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር በሚባለው ክፍለ አገር ብራድፎርድ የሚባል ሌላ ትልቅ ከተማ አለ፤ የባቡር ትኬት ሲቆረጥ ሙሉው ስም ካልተጠቀሰ ብዙ ሰዓት ወደሚያስኬድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊወስድዎት ይችላል። የእርስዎ ብራድፎርድ የምትገኘው ዊልትሻየር በሚባለው ክፍለ አገር ሲሆን፣ ከልጅዎ ከተማ ከባዝ ያላት ርቀት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ከባቡሩ ወርደው ጥቂት እንደ ሄዱ የሚያገኙት የድንጋይ ድልድይ ነው። ድልድዩ መጀመሪያ የተሠራው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ ዘመን ቅስቶች መካከል ሁለቱ እስከ ዛሬ ቆመው የመኪና ክብደት ይሸከማሉ፤ የቀረው ክፍል በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሰፋበት ነው። ከድልድዩ ላይ አንዲት ጉልላት ያላት ትንሽ የድንጋይ ክፍል ተሠርታለች። ሰካራምና አስቸጋሪ ሰው ሌሊቱን ይታሰርባት የነበረች እስር ቤት ናት። ከጉልላቷ ጫፍ ላይ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ የዓሣ ቅርጽ ስላለ፣ የታሰረውን ሰው የከተማው ሕዝብ «ከዓሣው በታች፣ ከውኃው በላይ» ነው ያለው ይል ነበር ይባላል። ከድልድዩ መካከል ቆመው ወደ ኮረብታው ቀና ይበሉ። ቤቶቹ በሙሉ የማር ወለላ ቀለም ካለው የአካባቢው ድንጋይ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታገኛቸው ኮረብታው በሞላ የተቀባ ይመስላል።

አሁን ወደ ሱፉ ልምጣ። በዚያ አካባቢ ሱፍ ለዘመናት ይፈተል የነበረው በገጠር ሴቶች እጅ ነበር። ሸማኔው በራሱ ቤት ድሩን ወጥሮ ማጉን ይወረውራል፤ ተሸምኖ ያለቀው ጨርቅ ወደ ወንዙ ዳር ይወርድና በውኃ ኃይል በሚነሣና በሚወድቅ ትልቅ የእንጨት መዶሻ እየተቀጠቀጠ ይጠብቃል። የመንዝ ሴቶች ባናውን በሙቅ ውኃ እየዘፈዘፉ በእግር የሚረግጡበትን ምክንያት እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ እነርሱም የፈለጉት ያንኑ ነው፤ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ እንዲሆን። ልዩነቱ ሥራውን ለወንዙ መስጠታቸው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሆላንድ የመጡ ፈታዮች ቀጭን ፈትል ይዘው ስለ መጡ የከተማዋ ጨርቅ ስሙ ይበልጥ ገነነ። ከድልድዩ በላይ፣ ቶሪ በሚባለው የኮረብታ ክፍል በረድፍ የተሠሩት ትናንሽ ቤቶች ሸማኔዎች ይኖሩባቸው የነበሩ ናቸው።

ነገሩ ሁሉ ግን ሰላማዊ አልነበረም። በ1791 አንድ ባለ ፋብሪካ ሱፍ የሚያባዝት መኪና አስገባ። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ማባዘት ብዙ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በዚያ ሥራ ልጆቹን የሚያበላው ሕዝብ ተሰብስቦ መኪናው እንዲወጣ ጠየቀ። ከቤቱ ውስጥ ጥይት ተተኮሰና ሦስት ሰዎች ሞቱ። በመጨረሻ መኪናው ለሕዝቡ ተሰጠ፤ ሕዝቡም አውጥቶ በድልድዩ ላይ አቃጠለው። እኔ በዚያ ድልድይ ላይ በቆምኩ ጊዜ ተሽከርካሪዎች በኋላዬ ያልፉ ነበር፤ ከታች ውኃው የቅስቱን እግር እየታከከ ይሄዳል፤ ቦታው ይህን ሁሉ ያየ አይመስልም። እባክዎ ከዚያ ሲደርሱ ለአፍታ ቆም ይበሉ፤ የሞቱት የሙያ ዘመዶችዎ ናቸው።

ያም ሆኖ መኪናው ተመልሶ መምጣቱ አልቀረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በከተማዋ ሠላሳ ያህል የሱፍ ፋብሪካዎች ይሠሩ ነበር። በኋላ ግን የድንጋይ ከሰልና የእንፋሎት ኃይል እንደ ልብ በሚገኝበት በሰሜኑ በዮርክሻየር ጨርቅ በርካሽ ይመረት ስለ ጀመር፣ የብራድፎርድ ሱፍ ቀስ በቀስ ከሰረ። ከተማዋን ያተረፋት ጎማ ነው። ስቲቨን ሞልተን የሚባል ሰው በ1848 ባዶውን የሱፍ ፋብሪካ ገዝቶ የጎማ ሥራ ጀመረበት። የእርሱ የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው አሌክስ ሞልተን ደግሞ በ1962 ጎማዋ ትናንሽ የሆነች፣ በዓለም የታወቀች ብስክሌት ያወጣው በዚያችው ከተማ ነው። ከወንዙ ዳር ካሉት ፋብሪካዎች ትልቁ፣ አቢ ሚል የሚባለው፣ ዛሬ የአረጋውያን መኖሪያ አፓርታማ ሆኗል። የሱፍ ሠራተኞች ይገቡበት በነበረው ሕንፃ ጡረተኞች መስኮቱን ከፍተው ወንዙን እያዩ ሻይ ይጠጣሉ።

ከሁሉ አስበልጬ እንዲያዩት የምፈልገው ጎተራውን ነው። ጎተራ ስል በጭቃ የተመረገውን የእኛን ጎተራ እንዳያስቡ። ርዝመቱ 51 ሜትር የሆነ፣ በድንጋይ የተገነባ፣ ጣሪያውም በድንጋይ ጠፍጣፋ የተከደነ ሕንፃ ሲሆን፣ የጣሪያው ክብደት ብቻ ወደ 100 ቶን እንደሚደርስ ይገመታል። የተሠራው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ሻፍትስበሪ በሚባል ቦታ የነበረ ባለጸጋ የሴቶች ገዳም ብራድፎርድን ከነመሬቷ በ1001 ከንጉሥ ኤተልሬድ በስጦታ ተቀብሎ ስለ ነበር፣ የርስቱ እህል የሚገባው በዚህ ጎተራ ነበር። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የአሥራት ጎተራ» ይለዋል። አሥራት ለእኛም አገር ገበሬ እንግዳ ቃል ስላልሆነ ስሙን ስሰማ ወዲያው ነው የገባኝ። በ1539 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳሙን ዘጋና ርስቱ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ፤ ጎተራው ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የእርሻ ሥራውን ቀጠለ።

በትልቁ በር ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የድንጋይ ቅዝቃዜ ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ወደ ላይ ቀና ስል፣ ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ተነሥተው ከላይ የሚገናኙት ጥምዝ የኦክ ግንዶች፣ ለወረብ ፊት ለፊት ቆመው ወደ እርስ በርሳቸው ያጎነበሱ መዘምራን መሰሉኝ። ግንዶቹ በእጅ በተጠረበ የእንጨት ችካል የተያያዙ ናቸው። ግድግዳው ላይ ያሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ለእህሉ አየር የሚያስገቡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ነካው፤ በሮቹ ትይዩ ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ግድግዳ፣ ሌላው በማዶው። በሁለቱ መካከል ያለው ወለል አውድማ ነበር። ዝናብ የማያባራበት አገር ስለሆነ እህሉን ጣሪያ ስር ይወቁታል፤ ሲያዘሩ ደግሞ ሁለቱን በሮች ይከፍቱና ነፋሱ በመካከል እያለፈ ገለባውን ይወስድላቸዋል። የእኛ ገበሬ ከኮረብታ ላይ ሆኖ በመንሽና በላይዳ የሚጠብቀውን ነፋስ እነርሱ በር ከፍተው ይጠሩታል ማለት ነው። መግቢያው በነጻ ነው፤ የሚጠብቀውም ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባለው የቅርስ ድርጅት ነው።

ከጎተራው ቀጥሎ ትንሿን ቤተ ክርስቲያን ሳያዩ እንዳይመለሱ። ቅዱስ ሎሬንስ ትባላለች። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከመውረራቸው በፊት፣ በሳክሶኖች ዘመን ከተሠሩትና ሳይለወጡ ከቀሩት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። ሕዝቡ የሚቆምበት የዋናው ክፍሏ ርዝመት ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ወርዷ አራት ሜትር ነው፤ ጣሪያዋ ግን የርዝመቷን ያህል ከፍ ስላለ ስትገባ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ ሰማይን የምታይ ይመስልሃል። ወደ መቅደሱ የሚያስገባው ቅስት ከአንድ ሜትር ብዙም አይሰፋም፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከቅስቱ በላይ ሁለት መላእክት በድንጋይ ተቀርጸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው አየር ላይ ተንሳፍፈዋል፤ በእጃቸውም ላይ ጨርቅ ጥለዋል። በመካከላቸው የስቅለት ሥዕል እንደ ነበረ ይታመናል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት የስቅለቱን ሥዕል ላየ፣ በጽዋ ደሙን የሚቀበሉትን መላእክት ለሚያውቅ ሰው፣ እነዚያ መላእክት ምን ሊቀበሉ እንደ መጡ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያሳዝነውም የሚያስደስተውም ነገር፣ ይህች ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ቤተ ክርስቲያንነቷ ተረስቶ ግማሿ ትምህርት ቤት፣ ግማሿ የሰው መኖሪያ ሆና መቆየቷ ነው። ከቤቶች መካከል ተሸጉጣ የነበረችውን ማንነቷን የለየው በ1856 የከተማዋ ቄስ የነበረው ዊልያም ጆንስ ነው። ጫማ አይወለቅም፤ ነጠላዎን ተከናንበው በጸጥታ ቢጸልዩ የሚከለክልዎት የለም።

ጉልበትዎን በተመለከተ እውነቱን እነግርዎታለሁ። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ናት፤ ወደ ቶሪ የሚወስደው መንገድ ደረጃና ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ አልመክርዎትም፤ ከድልድዩ ላይ ሆነው ቀና ብለው ማየቱ ይበቃዎታል። ከባቡር ጣቢያው ወደ ጎተራው የሚወስደው መንገድ ግን በወንዙ ዳር የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ቀስ ብለው ቢሄዱ ከሩብ ሰዓት አያልፍም፤ በመንገዱም የ14ኛው ክፍለ ዘመን የጭነት ከብት ድልድይ ያገኛሉ። ከጎተራው ወደ ላይ ጥቂት እንደ ወጡ ደግሞ በ1810 ተጠናቆ የተከፈተውን ሰው ሠራሽ የውኃ ቦይ ያገኛሉ። በቦዩ ላይ ሰዎች ቤት ያደረጓቸው ረጃጅምና ጠባብ ጀልባዎች ታስረው ይታያሉ፤ አበባ የተተከለበት ባልዲ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ከትንሽ ጭስ ማውጫ የሚወጣ የእንጨት ጭስ አለ። የቦዩ ዳር መንገድ ፈጽሞ ዳገት የለውም። ጉልበትዎ ከፈቀደ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሄደው ኤቨንክሊፍ ይደርሳሉ፤ በዚያ ቦዩ በድልድይ ላይ ሆኖ ወንዙን ሲሻገር፣ ውኃ በውኃ ላይ ሲያልፍ ያያሉ። መመለሻዎ ባቡር ነው። ጣቢያዋ እጅግ ትንሽ ስለሆነች ባቡሩ የሚቆመው ተሳፋሪው እጁን ሲዘረጋለት ብቻ ነው፤ ልክ እንደ እኛ ታክሲ።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ከትንሣኤ በኋላ ባለው በበዓለ ሃምሳ ቢሄዱ መልካም ነው። በዚያ ወቅት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ልጅዎ ቤት ያለ ሐሳብ ይመገባሉ፤ ሜዳውም በሙሉ ለምልሞ ይጠብቅዎታል። በግንቦት መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ ቀኑ የማያልቅ ይመስልዎታል፤ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ቢያስቸግርዎት አይደንግጡ። በጾም ወቅት መሄድ ግድ ከሆነብዎት «ቪጋን» የሚለውን ቃል ይያዙ፤ ሥጋም ወተትም ቅቤም እንቁላልም የሌለበት ምግብ ማለት ነው፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ብርዱን የደብረ ብርሃን ሰው አይፈራውም፤ ዝናቡ ግን ቀጠሮ የለውምና ቀላል የዝናብ ልብስና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ይያዙ። በእነርሱ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ዳር ዳር ያሉትን ቦታዎች የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ ስላለ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ቢያልፉት ይሻላል። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ለልጅዎ ቅቤ፣ አይብ ወይም ቋንጣ ይዘው እንዳይሄዱ። ከእኛ አገር የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ስለተከለከለ ከአውሮፕላን ጣቢያው ይወሰድብዎታል። በርበሬውና ሽሮው ያለ ቅቤ ይዘጋጅ። ዕድሜዎ 60 ዓመት ከሞላ ደግሞ ልጅዎ የአረጋውያን የባቡር ካርድ ታውጣልዎት፤ በፓስፖርትዎ ዕድሜዎን ማስረዳት ይቻላል፤ ከትኬቱ ዋጋ ሲሶውን ያስቀንሳል።

የጃንሆይ ቤት አለ። ፌርፊልድ ሀውስ ይባላል፤ የሚገኘውም ልጅዎ በምትኖርባት በባዝ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ሲሆን፣ በ1958 አረጋውያን እንዲገለገሉበት ብለው ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡት። ለጎብኚ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ ልጅዎ አስቀድማ ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ የሸዋ ሮቢት ነዋሪና የግል ነጋዴ ነኝ። በእንግሊዝ ዘመድ የለኝም፤ ነገር ግን ታሪካዊ ትንንሽ ከተሞቻቸውን የማየት ምኞት አለኝ። ጠሪ ሳይኖረኝ ቪዛ ላገኝ እችላለሁ? አንድ ደላላ እኔ ልጨርስልህ ብሎኛል።

መልስ፦ ጠሪ መኖር ግዴታ አይደለም። የሚያመለክቱበት የጎብኚ ቪዛ እስከ 6 ወር የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ተሞልቶ የጣት አሻራና ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ይሰጣል። ከጉዞው ቀን 3 ወር ሲቀረው ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ወሳኙ ነገር ሁለት ነው፤ ወጪዎን በራስዎ መሸፈን መቻልዎና ተመልሰው የሚመጡበት በቂ ምክንያት ያለዎት መሆኑ። ስለዚህ የንግድ ፈቃድዎን፣ የግብር ደረሰኝዎን፣ የባንክ መግለጫዎን፣ ቤተሰብዎን የሚያሳይ ማስረጃ በሙሉ አያይዙ፤ በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ በሕጋዊ ተርጓሚ መተርጎም አለበት። በባንክ ደብተርዎ ላይ ከማመልከቻው በፊት በድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ ጥርጣሬ ያስከትላል። ደላላውን አይስሙት። ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘ ለ10 ዓመት ሊያስከለክል ይችላል፤ ያኔ የሚቀጣው እርስዎ እንጂ እርሱ አይደለም። ከተሳካልዎት ከለንደን ፓዲንግተን ከሚባለው ጣቢያ ተነሥተው ባዝ የሚደርሱት አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ነው፤ ትኬቱን ቀደም ብሎ የገዛ ብዙ ይቀንስለታል።

ጥያቄ፦ አንኮበር ውስጥ እንግዶችን በማስጎብኘት ሥራ ላይ የተሰማራሁ ወጣት ነኝ። ለአጭር ሥልጠና ወደ እንግሊዝ የመሄድ ዕድል አግኝቻለሁ፤ አንድ የዕረፍት ቀን ብቻ አለኝ። ከእነርሱ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ለእኔ ሙያ የሚጠቅም ነገር የማይበት የቱ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እንግሊዞች ወደ አንተ አገር ቀድመው መጥተዋል። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የመራው መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ደርሶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውሏል። አሁን ደግሞ የአንኮበር ልጅ ሄዶ የእነርሱን ቢያይ ደስ ይላል። ለአንድ ቀን የምመርጥልህ ከላይ ለደብረ ብርሃኗ እናታችን የጻፍኩላቸውን ብራድፎርድን ነው፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። አንኮበር የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ፣ ገደሉና የአፋር ሜዳ የሚታይበት ጫፍ አላት፤ እንግዳው ደርሶ አይቶ በዚያው ይመለሳል። ብራድፎርድ ውስጥ ግን እንግዳው አንድ ቀን ሙሉ ይቆያል፤ ቤተ መንግሥት የለም፤ የሚያየው ጎተራ፣ ድልድይ፣ የሸማኔ ቤት ነው። የሚያቆየው ነገር ምን እንደ ሆነ በዓይንህ እንድታየው እፈልጋለሁ።

ያ ነገር በራሱ አልመጣም። በ1960ዎቹ አሮጌዎቹ ቤቶች እየፈረሱ ሲሄዱ የከተማዋ ነዋሪዎች ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው ለማዳን ተነሥተዋል። ዛሬም ብዙው ሥራ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ አንተን የሚያስረዳህ ሰው ጡረታ የወጣ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቤቱንም ደረጃውንም የአባቱ ያህል ያውቀዋል። ሲያስጎበኙ ዓመተ ምሕረት አይደረድሩም፤ እጅህን ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡና «ይህን ጭረት የሠራው ምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁሃል። ይህን ዘዴ ልብ ብለህ ተከታተለው፤ አንኮበር ላይ ያለ ምንም ወጪ ልትሠራበት ትችላለህና።

ጠዋት ጎተራውንና ትንሿን ቤተ ክርስቲያን ጨርሰህ፣ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት በላይ ወዳለው ሙዚየም ግባ፤ መግቢያ አይጠየቅም፤ የሚከፈትበትን ሰዓት ግን ቀድመህ አረጋግጥ። ሙዚየሙ በጣም ትንሽ ነው። ከመካከሉ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የከተማውን ሰው ሲያገለግል የኖረ አንድ መድኃኒት ቤት ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ መጥቶ ተተክሏል፤ ባንኮኒው፣ መደርደሪያው፣ ስማቸው የተጻፈባቸው ትንንሽ መሳቢያዎች፣ የብርጭቆ ጠርሙሶቹ ሁሉ በነበሩበት ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ሥራውን ሲያቆም ያ ሁሉ እንደ ቆሻሻ ሊጣል ይችል ነበር። በአንኮበር ቤቶች ጓዳ ውስጥ ያሉትን ሞሰብ፣ ጋን፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የፈረስ ዕቃና የእጅ ጽሑፍ እያሰብክ ከዚያ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት ቁም። ዕቃው እንዴት እንደ ተቆጠረ፣ እንዴት እንደ ተመዘገበ፣ ማን እንደ ሰጠ በምን እንደሚጻፍ በጎ ፈቃደኞቹን ጠይቃቸው፤ የመመዝገቢያ ወረቀታቸውንም እንዲያሳዩህ ለምናቸው።